ተንቀሳቃሽ የፎቶግራፍ ማተሚያዎች

ተንቀሳቃሽ የፎቶግራፍ ማተሚያ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ከስልክ የተላከለትን ምስል ያለ ኮምፒውተር የሚያትም አነስተኛ መሣሪያ ነው። ገበያውን የያዙት በዋናነት ሦስት ዓይነት አሠራሮች ናቸው፤ ገዢ ከመልክና ከዋጋ በፊት ሊለያቸው የሚገባውም እነዚህን ነው።

የታሪኩ ሥር የአሜሪካው የካሜራ ኩባንያ ፖላሮይድ ነው። የኩባንያው መሥራች ኤድዊን ላንድ፣ በተነሣበት ቅጽበት ታጥቦ የሚወጣ ፎቶግራፍ በኒው ዮርክ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ካሜራ በቀጣዩ ዓመት ቦስተን ውስጥ ተሸጠ። ኩባንያው በ2001 ከከሰረ በኋላ፣ በቤተ ሙከራው የተጀመረው ጥናት ዚንክ የተባለውን ወረቀት አስገኘ። ዚንክ ቀለም አይሞላለትም፤ በወረቀቱ ውስጥ ያሉት ቀለም አልባ ክሪስታሎች ሙቀት ሲነካቸው ወደ ቀለም ይለወጣሉ። በዚህ ወረቀት የሚሠራው የፖላሮይድ ማተሚያ ፖጎ በ2008 ወጣ፤ ፖላሮይድ ፊልም ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀውም በዚያው ዓመት ነበር። የኤችፒ ስፕሮኬት በ2016 ተከተለ። የዚንክ ማተሚያዎች ኪስ ውስጥ ይገባሉ፤ ኅትመታቸው ግን 5 በ7.6 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጥላ ያረፈበት ፊትም ዝርዝሩ ይጠፋበታል።

የፉጂፊልም ኢንስታክስ ማተሚያዎች ከ2014 ጀምሮ አሉ። የሚያትሙት በብርሃን፣ በእውነተኛ ፊልም ላይ ነው።

ለቤት አልበም ግን ሦስተኛውን ዓይነት፣ የካኖን ሴልፊን የሚስተካከል ማግኘት ይከብዳል። ሙቀት ከጥብጣብ ላይ ቢጫ፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) እና ሲያን (ውሃ ሰማያዊ) ቀለሞችን በየተራ ወደ ወረቀቱ ያሸጋግራል፤ በአራተኛው ዙር ግልጽ መከላከያ ይለበጥበታል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ወጥቶ ሲገባ ማየት በራሱ ደስ ያሰኛል። በ2022 የወጣው ሴልፊ ሲፒ1500 የፖስታ ካርድ መጠን ያለውን ፎቶግራፍ በ41 ሴኮንድ ገደማ ያትማል፤ ለማመልከቻ የሚጠየቀውን ጉርድ ፎቶግራፍም ያዘጋጃል። ጥብጣቡና ወረቀቱ በአንድ ካርቶን ተሰልተው ስለሚሸጡ የአንዱ ፎቶግራፍ ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል። ማተሚያው 850 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ባትሪው ለብቻው ይገዛል። የኃይል ማቀበያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል በኢትዮጵያ የመብራት መስመር ያለ ችግር ይሠራል። በአልበም የተቀመጠ ኅትመት እስከ መቶ ዓመት ይቆያል የሚለው የአምራቹ ግምት ነው፤ ዚንክ በፀሐይ እንደሚደበዝዝ ግን የታወቀ ነው።

ከሁሉም በፊት መጣራት ያለበት ወረቀቱ በሚኖሩበት ከተማ መገኘቱ ነው፤ የአንዱ ወረቀት ለሌላው አይሆንም። ለመንገደኛ፣ ያልታተመበት የኢንስታክስ ፊልም በአውሮፕላን ማረፊያ የፍተሻ ጨረር ሊበላሽ ስለሚችል በእጅ ሻንጣ ይዞ በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ይገባል። ትርፍ የሊትየም ባትሪም ከእጅ ሻንጣ አይለይም። የሴልፊ ባለቤት ደግሞ ያለቀውን ጥብጣብ እንዲሁ መጣል የለበትም፤ የታተመው ምስል ሁሉ ቅሪት በላዩ ስለሚታይ መቆራረጥ አለበት።