የመሸከም አቅም ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ የጎዳና ውሾች በተነሳ ክርክር አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ «ከተማዋ ለውሻ ያላት የመሸከም አቅም አልቋል። ይሄ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ግማሾቹ ይወገዱ።» ከዚህ በፊትም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይልም፤ እንዲያውም የሚለው ተቃራኒውን ነው።

ሰውየው የመሸከም አቅምን የሚያየው እንደ ሚኒባስ ወንበር ነው። ወንበሩ ከተያዘ ሞላ፣ በሩ ይዘጋል። ይልቅ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚሄደውን የከተማ አውቶቡስ አስቡት። ቆሞ መሄድ ስለሚቻል «ሞላ» የሚባልበት ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ባዶ ሲሆን ያገኘው ሁሉ ይሳፈራል። ሲጨናነቅ አንዳንዱ «ቀጣዩን ልጠብቅ» ይላል፤ ሌላው መውረጃው ሳይደርስ ይወርዳል። የሆነ ቦታ ላይ የሚሳፈረውና የሚወርደው እኩል ይሆናል። የመሸከም አቅም ማለት ያ ቁጥር ነው፦ የሚወለደውና የሚሞተው የሚመጣጠንበት ብዛት። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሰው ተጠጋግቶም ቢሆን ይሳፈራልና ቁጥሩ ከፍ ይላል። አውቶቡሱ ግን ያው ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ተሳፋሪ ተሳፋሪን አይወልድም፤ እንስሳ ግን ይዋለዳል። ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ፍራንስዋ ቬርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ያወጣው ቀመር ይህንን ይዟል፦

ዕድገት = የመራባት ፍጥነት × ብዛት × (1 − ብዛት ÷ የመሸከም አቅም)

ለምሳሌ ያህል የአንድ ሰፈር የመሸከም አቅም 200 ውሻ፣ የመራባት ፍጥነቱ ደግሞ (ምግብና ቦታ ሞልቶ ሳለ፣ የሚሞተው ተቀንሶ፣ አንድ ውሻ በአማካይ የሚጨምረው) በዓመት 0.5 ይሁን። 190 ውሾች ካሉ ዕድገቱ በዓመት ወደ 5 ነው። ግማሽ ያህሉን አስወግዳችሁ 100 ብታደርሷቸውስ? ዕድገቱ 25 ይሆናል። የቀመሩ ፈጣኑ ነጥብ የመሸከም አቅሙ ግማሽ ላይ ነው! የተረፉት በቂ ምግብ ያገኛሉ፣ ቡችሎቻቸው ያድጋሉ፣ ሰፈሩ ተመልሶ ይሞላል። 200ን 200 ያደረገው ምግቡ ነው፦ ከሥጋ ቤት የሚጣለው አጥንት፣ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ገንዳ፣ ከሆቴል ጓሮ የሚወጣው ትርፍራፊ። እሱ ሳይነካ ውሻ መቀነሱ ለውጥ አያመጣም።

«በሒሳብ የተረጋገጠ» የሚለውም ያናድደኛል። ፐርል እና ሪድ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1920 ይህንኑ ቀመር ከአገራቸው የሕዝብ ቆጠራ ጋር አዛመዱት። በጥሩ ሁኔታ ገጠመላቸው። ጣሪያው፣ ማለትም የመሸከም አቅሙ፣ ወደ 197 ሚሊዮን ነው አሉ። አሜሪካ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ 200 ሚሊዮንን አለፈች። የቀመሩ አሠራር አልተበላሸም፤ ጣሪያውን ከትናንት ቁጥር ለቅመው ለነገም አይንቀሳቀስም ማለታቸው ነው ችግሩ። ሞዴል «ይህ እንዲህ ከሆነ ያ ይከተላል» ይላል። «ይህ እንዲህ ነው» የሚለውን ሜዳ ወርዶ ማረጋገጥ የኛ ሥራ ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም ይህን ልጨምር። ቀመሩ የመጨናነቁ ጫና በሚወለደውና በሚሞተው ላይ ወዲያው ይታያል ብሎ ነው የሚነሳው። አላስካ ውስጥ ባለችው የሴንት ማቲው ደሴት ግን እ.ኤ.አ. በ1944 የተለቀቁት 29 ሬንዲሮች (የቀዝቃዛ አገር አጋዘኖች) በ1963 ወደ 6,000 ደረሱ። የበረዶ ወራት ግጦሻቸውን ጨረሱት። በ1966 የተገኙት 42 ብቻ ነበሩ። ጣሪያውን ራሱን በልተውታል ማለት ነው።

ወደ ውሾቹ ስንመለስ ደግሞ ቀመሩ ውሻ የሚመጣው እዚያው ከሚወለደው ብቻ ነው ይላል። እዚህ ከተማ ግን ቡችላ ከግቢው አውጥቶ መንገድ ዳር የሚጥል ሰው አለ። ይሄ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ለብቻው መደመር አለበት። ካልተደመረ፣ ገንዳው ሁሉ ቢከደንም እንኳ ቀመሩ የሚሰጠን ቁጥር መንገድ ላይ ከምናየው ያንሳል።