«ልብወለድ እኮ ነው!»፦ ስለ ጣሊያን ወረራ በሚጻፉ ልብወለዶች ውስጥ የማይለቁን ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የወጣቶችን ረቂቅ አነባለሁ። አብዛኛው የሚመጣልኝ የአርበኝነት ዘመን ልብወለድ ነው። ቅድመ አያቱ የዘመተለት ልጅ ያንን ይዞ የአንባቢን ልብ ማነሳሳት ይፈልጋል። ደስ ይለኛል፤ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ስህተቱን ሳሳየው ግን የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ልብወለድ እኮ ነው!» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የማገኛቸውን እዚህ ልጻፋቸውና ልገላገል።

«አድዋ የዘመተው ጀግና ማይጨውም ላይ ጎራዴውን መዞ ሮጠ።» አድዋ 1888 ነው፤ ማይጨው 1928። በመሃሉ 40 ዓመት አለ። ያኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው አሁን 60 ሞልቶታል። ይዝመት፤ የዘመቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ግን ጉልበቱ እንደሚያመው ጻፉ።

«ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው።» ቅርብ የሆነው በሚኒባስ ነው። የሃረጎን ዳገት ቁስለኛ ተሸክሞ በግማሽ ሰዓት የሚወጣ ሰው አልተፈጠረም። አንድ ቀን በእግራችሁ ውጡትና ከዚያ ጻፉ።

«አርበኛ ማለት ጠመንጃ ያነገበ ወንድ ነው።» የውስጥ አርበኛ የሚባሉትን ምን ልናደርጋቸው ነው? ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ፣ ጠላት መሃል ተቀምጠው ነው አርበኞችን የረዱት። ተይዘው ጣሊያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል።

«ደሴን ነፃ ያወጣው እንግሊዝ ነው።» ዕዙ የእንግሊዝ ነበር። ዳገቱን የተዋጉት ግን የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ወታደሮች ናቸው፤ የእኛም አርበኞች አብረው ነበሩ። ኮምቦልቻ በር ላይ ከሚያዝያ 9 እስከ 14 ቀን 1933 ተዋጉ። ደሴ ሚያዝያ 18 ተያዘች። እስካሁን አንድም ረቂቅ ላይ ያላየሁትን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የጣሊያን ጦር አዛዡ ማርሻል ባዶሊዮ በካሚዮን የተጫነ ጦሩን ይዞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መንቀሳቀስ የጀመረው ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ነው። ልክ በ5 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ከተማዋ ከእጃቸው ወጣች። ይህን የመሰለ ነገር ታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሌላ መፍጠር ለምን ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ልብወለድ ስለሆነ እውነታው ባይስተካከልም ችግር የለውም» ወደሚለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ ረቂቅ አመጣልኝ። እጁ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይጥማል። መክፈቻው የደሴ መደብደብ ነው። አናቱ ላይ «ኅዳር 26 ቀን 1935 ዓ.ም.» ይላል። ዋናው ገጸ ባህሪ ቤቱ ተቀምጦ ቅቤ የጠጣ ምንቸት አብሽ ቁርሱን ይበላል። ሙስሊሟ ጎረቤታቸው ቡና አፍልታ ከእናቱ ጋር አቦሉን እየጠጣች ነው። አውሮፕላን መጣ። አረንጓዴ ጭስ ከተማዋን ሸፈነ። አባትየው እያሳለ እዚያው ወድቆ ሞተ። ከዚያ ልጁ ሊበቀል ይምላል።

አንድ ገጽ ነው። ስህተቱን እንቁጠር።

መጀመሪያ ዓመቱ። ልጁ ያነበበው የፈረንጆቹን ቁጥር ነው፤ 1935። ከጎኑ ዓ.ም. ሲጽፍበት በእኛ አቆጣጠር ሆነ። በእኛ 1935 ላይ ጣሊያን ከአገር ከወጣ ቆይቷል። የደሴ ድብደባ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው።

ሁለተኛው ቁርሱ ነው። ከሁሉ ያበሳጨኝ ይሄ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 አርብ ነበር። የነቢያት ጾምም ኅዳር 15 ገብቷል። ስለዚህ የክርስቲያን ቤት ጠዋት ምንቸት አብሽ አይበላም። ሙስሊሟ ጎረቤትስ? ያ ወር ረመዳን ነበር። ረመዳን ከገባ ዘጠኝ ወይም አስር ቀኑ ነው። ጠዋት ቡና አትጠጣም።

እስቲ አስቡት። ደሴን የሚያህል ከተማ፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ባንድ ጠዋት ጾመኛ ሆኖ ነው ቦምብ የወረደበት። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው የሚናገረው። አያቴ ያኔ ሕፃን ነበረች። ዓመቱን ጠይቀናት አታውቅም ነበር። «ጁምዓ ነው፤ እማ ጾመኛ ነበረች» ትለን ነበር ግን። እኔ ለዓመታት እንደ ዋዛ ሰማኋት። በኋላ ሒሳቡን ስሠራው ጁምዓውም ጾሙም ልክ ሆኖ ተገኘ። ስለ አንድነት ሦስት ምዕራፍ ንግግር ከምትጽፉ ይህችን ጠዋት እንደነበረች ጻፏት።

ሦስተኛው ጭሱ። ደሴ ላይ በዚያ ቀን የወረደው ፈንጂና አቃጣይ ቦምብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የውጭ ጋዜጠኞችም ነበሩ፤ ያዩትን ለዓለም አሰራጭተዋል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። የመርዝ ጋዙ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ በተከዜ ግንባር በኩል ነው። ደግሞስ አረንጓዴ ጭስ ከየት መጣ? ራስ እምሩ ያዩትን ተናግረዋል፦ አውሮፕላኑ በርሜል የመሰለ ነገር ጣለ፤ መሬት ሲነካ ተሰበረና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተረጨ። የሰናፍጭ ጋዝ የሚሉት ነው። ወዲያው አይጥልም። በባዶ እግሩ የሚሄድ ወታደር እርጥብ ሣር ይረግጣል፤ ምንም አይመስለውም። ሰዓታት ቆይቶ እግሩ ይቃጠላል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ዓይኑ ያብጣል። ከጭሱ ይልቅ ይሄ አያስፈራም? ጠላቱን የማያይ ሰው ወዴት ይሸሻል?

ይህን ማሳመር ሳይሆን ማዛባት የሚጎዳን ሌላም ምክንያት አለ። ጣሊያን ጋዙን መጠቀሟን በመከላከያ ሚኒስትሯ አፍ ያመነችው በ1988 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። ያን ሁሉ ዘመን «አልሆነም» ሲባል ኖሯል። እኛ ያልወረደበት ቦታ ወረደ ብለን ከጻፍን፣ የወረደበትንም ለሚክደው ሰው መውጫ እንሰጠዋለን።

ልጁ ተከፋ። «ጋሼ፣ ስሜቱ ይሞታል» አለኝ። ረቂቁን ይዞ ሄደ፤ ሦስት ወር ጠፋ። ሲመለስ መክፈቻው ሌላ ሆኗል። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጎረቤትየው ለማፍጠሪያ ያስቀመጠችው ውሃ እንስራው ውስጥ ነው። ቤቱ ሲናጋ እንስራው ተሰነጠቀ፤ ውሃው በሁለቱ ቤቶች መሃል ባለው ደጅ ፈሰሰ። ሁለቱ ሴቶች ቆመው ያዩታል። እዚያ ላይ ሳነብ አቆምኩ። መነጽሬን አውልቄ ትንሽ መቆየት ነበረብኝ።

አንድ ልጨምር። «ጀግና አይፈራም፤ ሽንፈትም ከተጻፈ አንባቢ ተስፋ ይቆርጣል» ይሉኛል። ማይጨው ተሸንፈናል። መጋቢት 22 ተዋጋን፤ ሚያዝያ 7 ደሴ ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ይህን ዘሎ የሚጽፍ ሰው የቀጣዩን 5 ዓመት ዱር ማደር ሊያስረዳን አይችልም። የአርበኛው ነገር የሚገርመው እኮ ተሸንፎ መነሳቱ ነው። ፍርሃትም እንደዚያው ነው። አያቴ የዚያን ቀን ታናሽ ወንድሟን ጥላ ሮጣለች። በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ በጀርባዋ አዘለችው። ስታወራልን መመለሷን ብቻ ነግራን አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከመሮጧ ነበር የምትጀምረው።

ስለዚህ ልጆች፣ ሽማግሌ ስትጠይቁ «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» አትበሉ። ዕለቱን ጠይቁ፤ ገበያ ነበር ወይ፣ ጾም ነበር ወይ፣ ዝናብ ነበር ወይ በሉ። ያዩት ሰዎች አልፈዋል፤ ከእነሱ አፍ የሰሙት ግን አሁንም አሉ። የፈረንጅ መጽሐፍ ስታነቡ ቀኑን ወዲያው ወደ እኛ መልሳችሁ ጻፉ፤ ነገ እመልሰዋለሁ ያለ ይረሳዋል። ረቂቃችሁን ስታመጡልኝ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ ቀኑን፣ ዓመቱንና ዕለቱን አስፍሩልኝ። ጾም ይሁን ፍስክም ጨምሩበት።