ያማ እህቱ ቤት የሄደ ቀን

ወዳጆቼ፣ የእኛ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል የሆነው የዲዋሊ መብራት ሲጠፋ በዓሉም ያለቀ የሚመስለን አለን። ገና የወንድምና የእህት ቀን፣ ባኢ ዱጅ አለ። ከዲዋሊዋ ጨለማ ሌሊት በኋላ፣ አዲሷ ጨረቃ በሁለተኛ ቀኗ ላይ ስትሆን ማለት ነው። እህት ለወንድሟ ክር ስለምታስርበት ስለ ራክሻ ባንዳን ብዙ ስለተባለ ዛሬ ስለዚህኛው ልጻፍ። እኔን ይበልጥ ልቤን የሚነካኝም ይሄ ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ያማ የሞት ጌታ ነው፣ ያሙና ደግሞ ወንዛችን፣ ሁለቱም የፀሐይ አምላክ የሱሪያ ልጆች። እህቲቱ "እባክህ ቤቴ መጥተህ እህል ቅመስልኝ" እያለች ስትጠራው ኖረች፣ እሱም ሥራ እየበዛበት ቀረ። ሥራው ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ አንድ ቀን እንኳን አይታጎልም። በመጨረሻ በካርቲክ ወር ሄደ። ግንባሩ ላይ ቲላክ፣ የበረከት ምልክት፣ አደረገችለት፣ በእጇ የሠራችውን አበላችው። ደስ ብሎት "የፈለግሽውን ጠይቂኝ" አላት። በየዓመቱ በዚህ ቀን እንዲመጣ፣ በዚህ ቀን ከእህቱ እጅ ቲላክ የተቀበለ ወንድም ሁሉ ደግሞ እሱን እንዳይፈራ ለመነችው። አስቡት፣ ለማታውቃቸው ወንድሞችና እህቶች ነው የለመነችው!

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ያማን "ና" የሚለው ማን አለ? ሁላችንም "አትምጣብኝ" ነው የምንለው። በር ላይ ቆማ የጠበቀችው እህቱ ብቻ ናት።

ወንድም ጠባቂ፣ እህት ተጠባቂ ናት ብለን ነው ያደግነው። በባኢ ዱጅ ግን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቤንጋል ውስጥ እህት በትንሿ ጣቷ የሰንደል ቅባት ወንድሟ ግንባር ላይ እየቀባች፣ በወንድሜ ግንባር ላይ ምልክት አኖርኩ፣ በያማ በር ላይ እሾህ ወደቀ ትላለች። ኔፓል ውስጥ ደግሞ በዓሉ አምስት ቀን ነው፤ መጀመሪያ የያማ መልእክተኛ ቁራ፣ ቀጥሎ ውሻ ይከበራል፣ አምስተኛው ቀን የወንድምና የእህት ነው። እህት ወንድሟን መሬት ላይ አስቀምጣ ዘይትና ውሃ እያንጠባጠበች ትዞረዋለች። ያንን መስመር ሞት አያልፈውም። ከዚያ ግንባሩ ላይ ሰባት ቀለም ያለው ቲካ (እነሱ ቲላክን እንዲህ ነው የሚሉት) ታደርግለታለች፣ ቶሎ የማይጠወልግ ሐምራዊ አበባ አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች፣ ደጃፉ ላይ ደረቅ ዋልነት ትሰብራለች። ይሄ ሁሉ ጸሎት ነው፣ በእጅ የሚደረግ ጸሎት።

ወንድሞች፣ አሁን እናንተን ላናግር። ከእኛ የሚፈለገው ምንድነው? መሄድ ብቻ! ስጦታው ይደርሳል። "በዚህ ሳምንት አይመቸኝም" የምንል ሰዎች፣ ከያማ የበለጠ ሥራ አለን እንዴ? በውርስ የተኳረፋችሁም ካላችሁ፣ አንድ እናት ያጠባቻችሁ ልጆች ናችሁና በዚህ ቀን በሯን አንኳኩ፣ የቤቱን ጉዳይ በሌላ ቀን ትነጋገሩበታላችሁ። ማቱራ ላይ፣ ቪሽራም ጋት በሚባለው የወንዙ ዳርቻ፣ ወንድምና እህት እጅ ለእጅ ተያይዘው ያሙና ውስጥ ይጠመቃሉ። ተኳርፎ እጅ መያያዝ ይከብዳል።

ወንድም ወይም እህት የሌላችሁስ? ካትማንዱ መሀል ራኒ ፖክሪ የሚባል ኩሬ አለ። ንጉሥ ፕራታፕ ማላ ነው ልጁ ሲሞትበት የንግሥቲቱን ኀዘን ለማስታገስ እ.ኤ.አ. በ1670 ያሠራው። ኩሬው መሀል ያለው ቤተ መቅደስ በልማድ ለሕዝብ የሚከፈተው በዓመት አንድ ቀን፣ በዚሁ በዓል ነው፤ ወንድም ወይም እህት የሌላቸው ሰዎች እዚያ ሄደው ቲካ ይቀበላሉ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቤተ መቅደስ የለም። ስለዚህ እህቶች፣ ሳህኑን ስታዘጋጁ ቲላኩንና ጣፋጩን ጨመር አድርጉትና ከማኅበራችን ብቻውን የሚውለውን ሰው ከአሁኑ ደውላችሁ ጥሩት።