የካንሰር ጥናት ላይ ያለው ባለቀለም ቀለበት ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ስልኩን ደቀነብኝ። «አጎቴ፣ ይሄ የካንሰር መድኃኒት ጥናት 300 ነጥብ አለው፤ ምርጥ ነው ማለት ነው?»

አይደለም። ይሄ ባለቀለሙ ቀለበት መሃል ያለው ቁጥር፣ አልትሜትሪክ የሚባለው የትኩረት ነጥብ ነው፤ ጥናቱ ኢንተርኔት ላይ ምን ያህል እንደተወራለት እንጂ ጥራቱን አይለካም። ብቸና ገበያ አንድ ማር ሻጭን ሰው ቢከበው፣ ማሩ ንጹህ ስለሆነም፣ ስኳር ተገኝቶበት ጠብ ስለተነሳም ሊሆን ይችላል፤ ነጥቡ ሁለቱንም ይደምራል። ስህተት ተገኝቶበት የተሰረዘ ጥናት እንኳ በስድብ ብቻ ነጥቡ ሊያሻቅብ ይችላል።

ሁሉም ወሬ እኩል አይመዝንም። በመነሻው አንድ ዜና 8 ነጥብ፣ ብሎግ 5፣ የፌስቡክ ልጥፍ 0.25 ነው። ቀለበቱ ላይ ቀዩ ቀለም ዜና፣ ቢጫው ብሎግ ነው። ሜንዴሌይ በሚባለው የጥናት ማስቀመጫ መተግበሪያ ላይ ጥናቱን ያስቀመጡ አንባቢዎች ግን ይታያሉ እንጂ አይደመሩም (ይሄ ያናድደኛል፣ ዋናው አንባቢ እኮ እሱ ነው)።

የመድኃኒት ኬሚስትሪ ደግሞ እዚህ ላይ ይጎዳል። ሞለኪውሉ ላይ ትንሽ ነገር ቀይሮ ከካንሰሩ ፕሮቲን ጋር እንዴት እንደሚጣበቅ የሚያሳይ ሥራ ማን ዜና ያደርገዋል? ኬራስ የተባለውን አስቸጋሪ የካንሰር ፕሮቲን መያዝ እንደሚቻል ያሳየው ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ይህንኑ ፕሮቲን የሚይዘው ሶቶራሲብ የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2021። 8 ዓመት! ወሬው ግን በሳምንት ይበርዳል።

ልጁን «መጀመሪያ በሴል፣ በአይጥ ወይስ በሰው እንደተሞከረ እይ» አልኩት። አየ። በአይጥ ነበር።