ድኅነት በኃጢአት ይጠፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የመካነ ኢየሱስ፣ የቃለ ሕይወትና የሙሉ ወንጌል ምእመናን በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስለሚኖሩ፣ «ያመነ ሰው ኃጢአት ቢሠራ ድኅነቱን ያጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በቡና ላይም በጸሎት ኅብረትም ይነሣል። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ በእርግጥ ይለያያሉ፤ ብዙውን ሰው የሚያስጨንቀው ግን የሚለያዩበት ነጥብ ሳይሆን አንዳቸውም የማያስተምሩት ነገር ነው።

«አማኝ ኃጢአት በሠራ ቁጥር ድኅነቱ ስለሚሄድ እንደ አዲስ መዳን አለበት።»

ከሁሉ አብልጦ ሰውን የሚጎዳው ይህ ነው። በሠፈራችን የረቡዕ ኅብረት የሚካፈል አንድ ወጣት የታክሲ ሾፌር፣ ከተራ አስከባሪ ጋር በተሰዳደበ ዕለት ማታ መጥቶ «ጌታን እንደገና ልቀበል» ይላል። ፊቱ ላይ የሚታየው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ከጸሎቱ በኋላ የሚያገኘው ሰላም ግን እስከሚቀጥለው ጠብ ድረስ ብቻ ይቆያል። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ «በኃጢአታችን ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን ከዓመፃም ሁሉ ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው» ያለው ላላመኑ ሰዎች አይደለም፤ «ልጆቼ ሆይ» ብሎ ለሚጠራቸው ምእመናን ነው፤ ኃጢአት የሠራ ሰው ከአብ ዘንድ ጠበቃ እንዳለው የሚነግረውም እነርሱኑ ነው። ስለዚህ የወደቀ አማኝ መናዘዝና መመለስ እንጂ ልጅነትን ከመጀመሪያው መጀመር አይጠበቅበትም። ለዚህ ወጣት ሌላ የመቀበያ ጸሎት ከሚደገምለት ይልቅ በማግስቱ ተራ አስከባሪውን ይቅርታ ቢጠይቅ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ትምህርትም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት ለኃጢአት ሥርየት በአንዲት ጥምቀት ማመናቸውን ስለሚመሰክሩ፣ ኃጢአት የሠራ ክርስቲያን ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፣ ቀኖናውን ይፈጽማል፣ ወደ ቅዱስ ቁርባን ይመለሳል እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅም። ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው እንኳ ለተመላሾች የሚነበበው የጸሎት መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ቄድር፣ ይጸለይለታል እንጂ ጥምቀቱ አይደገምም።

«ድኅነት አይጠፋም የሚሉ ሰዎች እንደ ልብ ኃጢአት መሥራትን ይፈቅዳሉ።»

ክሱ ፍትሐዊ አይደለም። ይህንን ትምህርት በዝርዝር ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 በሆላንድ የተካሄደው የካልቪናውያን ፕሮቴስታንቶች ጉባኤ፣ የዶርት ጉባኤ፣ ዳዊትንና ጴጥሮስን በምሳሌነት ጠቅሶ፣ ቅዱሳን በከባድ ኃጢአት ሊወድቁ፣ እግዚአብሔርን እጅግ ሊያሳዝኑ፣ ኅሊናቸውን ሊያቆስሉና የጸጋውን ስሜት ለጊዜው ሊያጡ እንደሚችሉ ይናገራል፤ ከክርስቶስ እጅ ማንም አይነጥቃቸውም ሲልም እግዚአብሔር በንስሐ ይመልሳቸዋል ማለቱ ነው። በኃጢአቱ ተደላድሎ እየኖረ በዚህ ትምህርት የሚጽናና ሰው ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ጳውሎስም «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ሲል ራሱ መልሶታል።

«ክርክሩ በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት መካከል ነው።»

በፕሮቴስታንቶች መካከልም ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምትገኝበት የሉተራን ወገን እ.ኤ.አ. በ1530 ባወጣው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ 12ኛ አንቀጽ፣ አንድ ጊዜ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ይቃወማል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ከጥምቀት በኋላ የወደቁ ሁሉ በተመለሱ ጊዜ ይቅርታ እንደሚያገኙ ተጽፏል።

«ዕብራውያን ምዕራፍ 6 ካመነ በኋላ የወደቀ ሰው ንስሐ የለውም ይላል።»

ቃሉ ከባድ ነው፤ ሊለሰልስም አይገባም። ነገር ግን ጸሐፊው የሚናገረው የእግዚአብሔርን ልጅ ለራሳቸው እንደገና ስለሚሰቅሉት፣ ማለትም ክርስቶስን ዐውቀው ስለሚተዉት ሰዎች ነው። ድኅነት አይጠፋም የሚሉትና ይጠፋል የሚሉት እነዚህ ሰዎች ቀድሞ በእውነት ድነው እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ይከራከራሉ፤ በኃጢአቱ አዝኖ ይቅርታ የሚለምነውን ሰው ግን ሁለቱም ወገኖች ከእነርሱ አይቆጥሩትም። በሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ ስደት ጊዜ የካዱትን ቤተ ክርስቲያን መልሳ ልትቀበል አትችልም ብሎ እ.ኤ.አ. በ251 ገደማ የተለየው የሮሙ ቄስ ኖቫትያን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም አልተከተለችውም። የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 በ8ኛው ቀኖናው፣ ከኖቫትያን ወገን የሚመለሱ ካህናት በስደት ጊዜ ከወደቁት ጋር ኅብረት እንደሚያደርጉ አስቀድመው በጽሑፍ ቃል እንዲገቡ አዟል።