የሀብት ምዝገባና የጥቅም ግጭት መከላከል በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሹማምንት የግል ጥቅማቸውን ከሕዝብ ኃላፊነታቸው ለይተው እንዲይዙ የሚያስገድደው ዋናው ሕግ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ሲሆን፣ ምዝገባውን የሚያከናውነው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው።

ኮሚሽኑ በግንቦት 1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ። ጊዜው በወቅቱ ገዥ ፓርቲ በነበረው በኢሕአዴግ ውስጥ ከፍተኛ ክፍፍል የተፈጠረበት በመሆኑ ተቋሙን የፖለቲካ ተቀናቃኞች ማጥቂያ አድርገው የሚቆጥሩ ወገኖች አሉ፤ ይሁንና የሥነ ምግባር ጉዳይ ቀደም ብሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አሠራር ለማሻሻል በተቀረጸው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ተሰጥቶት እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው በታሰሩበት ወቅት ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቁ ካዘዘ በኋላ፣ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። ይህ ጥብቅ ክልከላ በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 434 ከአሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጡ ክሶች ላይ ብቻ እንዲወሰን ተደረገ።

የጥቅም ግጭትን የመከላከሉ ሥራ እምብርት ግን አዋጅ 668 ነው። ተሿሚዎች፣ የሕዝብ ተመራጮችና በአዋጁ የተመለከቱ የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸውና በቤተሰባቸው ባለቤትነት ወይም ይዞታ ሥር ያለውን ሀብትና የገቢ ምንጫቸውን ያስመዘግባሉ፤ ምዝገባውንም በየሁለት ዓመቱ ያድሳሉ። የቤት ዕቃና የግል መገልገያ አይመዘገብም። ምዝገባው ሰውየው ሲሾም ምን እንደነበረውና በሥልጣን ላይ ሳለ ምን እንዳፈራ ለማነጻጸር ያስችላል፤ የአክሲዮን ድርሻው ከሚመራው መሥሪያ ቤት ጨረታ ጋር የሚገናኝ ከሆነም ግጭቱ ውሳኔው ከመተላለፉ በፊት እንዲታወቅ ያደርጋል። ስርቆት ከተፈጸመ በኋላ ከመክሰስ ይልቅ አስቀድሞ መከላከል ይበልጣል የሚለው የኮሚሽኑ የረጅም ጊዜ እምነት በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በአዋጁ ትርጉም ቤተሰብ የሚባሉት የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ፣ ወንድም፣ እህትና አማች ከዚህ ውጭ ይቀራሉ። የተመዘገበው መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ቢደነገግም የቤተሰብ ሀብትን የሚመለከተው ክፍል በምስጢር ይጠበቃል። በአገራችን ንብረት በዘመድ ስም መያዝ የተለመደ በመሆኑ፣ የአዋጁ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ክልሎችም በየራሳቸው አዋጅ ተመሳሳይ ኮሚሽኖች አቋቁመዋል።

በ2008 ዓ.ም. የሙስና ወንጀልን የመመርመር ሥልጣን ወደ ፌዴራል ፖሊስ፣ የመክሰስ ሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 943 ወደተቋቋመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛወረ። ለውጡ ተቋሙን አዳክሟል የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። በአዋጅ ቁጥር 1236/2013 እንደገና የተቋቋመው ኮሚሽን የሥነ ምግባር ትምህርትን፣ ሙስናን መከላከልንና የሀብት ምዝገባን ይዞ የቀጠለ ሲሆን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ባሉት የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች አማካይነት ይሠራል።