የሕዝብ ትራንስፖርት ድጎማ ምንድን ነው?

ድጎማ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ነዳጅ ነው። ምክንያት አለን። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ላይ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ማንሳት ሲጀምር የሕዝብ ትራንስፖርት የሚሰጡ መኪኖችን ለይቶ በቴሌብር በኩል መደጎሙን ቀጥሎ ነበር። የትራንስፖርት ድጎማ ግን ከነዳጅ ሰፋ ይላል። ባጭሩ፣ ተሳፋሪው የሚከፍለው ሒሳብ የማይሸፍነውን የጉዞ ወጪ ከሕዝብ ካዝና መሸፈን ማለት ነው።

ለምሳሌ የአንድ ምልልስ ወጪ 1,000 ብር ነው እንበል። ከተሳፋሪ የተሰበሰበው 700 ብር ከሆነ 300 ብር ጎድሏል። ይህን 300 ብር አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። መንግሥት ካልከፈለው ተሳፋሪው ይከፍለዋል፤ በብር ባይሆን በጊዜው፣ በእግሩ ወይም በትርፍ ተጭኖ በመጓዝ።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለማየት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ይበቃል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። መሀል ላይ የሀረጎ ተራራ አለ። ጠመዝማዛ ነው፣ ዳገት ነው፣ በክረምት ደግሞ ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና ይሸፍናል። ሲወጣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲወርድ ፍሬን ይጨርሳል።

አሁን ሾፌሩን እናስበው። ብዙ ጊዜ መኪናው የራሱ አይደለም። ማታ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል። ነዳጁን ይሞላል፣ ለረዳቱ ይከፍላል፣ ለተራ አስከባሪ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ናት የእሱ እንጀራ። ስለዚህ ግማሽ ወንበር ባዶ ይዞ ሀረጎን መውጣት ለእሱ ከኪስ መክፈል ነው። «ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ረዳቱ ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቀን ለዚህ ነው። ሲመሽ ሒሳቡ ከታሪፉ በላይ የሚሆነውም፣ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት የሚታጨቀውም ከዚሁ የመጣ ነው። የሰውየው ክፋት አይደለም። ሥራው ራሱ ሲሞላ ብቻ እንዲያዋጣ ሆኖ ተሠርቷል። ትራፊክ ቆሞ ቢቀጣው ነገም ያው ነው፤ የቀን ገቢው አልተቀነሰለትማ።

በዚህ አሠራር ማን ይጎዳል? ከሰዓት ውጪ የሚንቀሳቀስ ሰው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ከ2009 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ፈረቃ ጨርሳ በምሽት የምትወጣ ልጅ ሰርቪስ ከሌላት የሚሞላ ሚኒባስ መጠበቅ አለባት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚወጣ በሽተኛም እንዲሁ። ከዋናው አስፋልት ወጣ ባሉት የደሴ ዳገታማ ሰፈሮች ደግሞ ታክሲ ስለማይገባ ያለው ምርጫ በእግር መውጣት ወይም ባጃጅ በኮንትራት መያዝ ነው። በየቀኑ ኮንትራት የሚችል ደመወዝተኛ ስንት አለ?

ድጎማ በብዙ መልክ ይሰጣል። አውቶቡስ ገዝቶ ማሰማራት አንዱ ነው። አዲስ አበባ በአንበሳና በሸገር አውቶቡሶች የምታደርገው ይህን ነው፤ ታሪፋቸው ከታክሲ የሚያንሰው ከተማዋ ልዩነቱን ስለምትሸፍን ነው። ነዳጅ መደጎም ሌላው ነው። እኔ ግን ለደሴና ለኮምቦልቻ አብልጬ የምወደው ሦስተኛውን፣ ምልልስ መግዛትን ነው። መንግሥት ለባለንብረቱ «ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ውጣ፤ ሞላም አልሞላም የምልልሱን ዋጋ እከፍልሃለሁ» ብሎ ውል ይገባል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የነዳጅ ድጎማ ሊትሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ መኪናው ቢቆምም፣ ነዳጁ ወደ ሌላ ቢዞርም ተሳፋሪው አያውቅም። ምልልስ ሲገዛ ግን ወጣ ወይስ አልወጣም ተብሎ ይቆጠራል። መኪናው ላይ ጂፒኤስ ከተገጠመና ስምሪት ክፍሉ በየቀኑ ከመዘገበ፣ ላልተሠራ ምልልስ አይከፈልም። «ብሩ ይበላል» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ውሉ ለሕዝብ ይለጠፍ፣ የምልልሱ ቁጥርም በየወሩ መናኸሪያው ላይ ይታይ።

አዲስ ፈጠራም አይደለም። የለንደንን አውቶቡሶች የሚያንቀሳቅሱት የግል ኩባንያዎች ናቸው። መስመሩን፣ ሰዓቱንና ታሪፉን የሚወስነው ግን የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሒሳቡንም እሱ ሰብስቦ ለኩባንያዎቹ በውል ይከፍላል። ለንደን ሀብታም ናት ከተባለ ዳካር አለች። የሴኔጋል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያረጁትን ሚኒባሶች በአዲስ ሲተካ ባለንብረቶቹን ከሥራ አላስወጣም። አደራጅቶ ብድር አመቻቸላቸው፤ እነሱም በምላሹ መስመርና ደንብ ተቀበሉ። የኛም ሾፌሮች በዚህ መልክ ቢመጡ ተጠቃሚ እንጂ ተፈናቃይ አይሆኑም።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሃራ ገበያ ለተዘረጋው የባቡር መስመር ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተመድቧል። መስመሩን እደግፋለሁ፤ ወሎ ባቡር ያስፈልጋታል። ግን ባቡሩ ሩቅ ለሚሄድ ዕቃና መንገደኛ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ በየቀኑ ለሚመላለሰው ሠራተኛና ተማሪ የሚያስፈልጉት ጥቂት አውቶቡሶች ከዚያ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው።

አውቶቡስ ከተገዛም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቢሆን እመርጣለሁ። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ፍሬን ይይዛል፣ ባትሪውንም መልሶ ይሞላል። ሀረጎን ሲወጣ የፈጀውን ሁሉ ባይመልስም ከፊሉን ሲወርድ ያገኘዋል። ፍሬን ግሎ አልይዝ የማለቱ አደጋም ይቀንሳል። እንደ ሀረጎ ላለ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው አስተዳደር ስላላቸው መስመሩን አንዱ ብቻውን ሊይዘው አይችልም። በጋራ አቅደው ክልሉን በጀት መጠየቅ አለባቸው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ነዋሪው ጥያቄውን ይዞ መቅረብ ያለበት በጀቱ ገና ሲረቀቅ፣ በበጋው ነው። በቀበሌና በከተማ ስብሰባ ላይ «ትራንስፖርት ይሻሻልልን» ብቻ ከተባለ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ይቀራል። «ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በታሪፉ» ተብሎ ከተጠየቀ ግን ወጪው ሊሰላ፣ በጀት ሊያዝለት፣ ካልተፈጸመም ኃላፊው በስሙ ሊጠየቅ ይችላል።